ጆሮዬን የሚያይ ሰው ጠፋ

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ነገሩ ካለፈ ቆይቷል፤ ንዴቱ ግን አልበረደልኝም፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም። ውሃ ውስጥ ስትዋኙ ራሳችሁን የሚያዞራችሁና የሚያቅለሸልሻችሁ ካላችሁ፣ በተለይ ደግሞ ሐኪም ቤት ሄዳችሁ ጨጓራ ነው፣ ታይፎይድ ነው ተብላችሁ ክኒን ተሸክማችሁ የተመለሳችሁ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። እኔ ሦስት ወር የተንገላታሁበትን ነገር እናንተ ምናልባት በአንድ ጠዋት ትገላገሉታላችሁ።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። ነፋስ ስልክ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። ማዞሪያው ፊት ተቀምጬ፣ ማዳመጫውን ቀኝ ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ «ሄሎ፣ ማንን ላገናኝዎ?» ስል ነው የምውለው። እንዲህ ሰባት ዓመት ከተቀመጥኩ በኋላ ወገቤ አልታዘዝ አለኝ። ያየኝ ሐኪም «ዋና ብትጀምሪ ይሻልሻል» ሲለኝ ሳቄ መጣ። እኔ ያደግሁት ሀና ማርያም አካባቢ ነው፤ በልጅነቴ ውሃ በጀርባ የሚመጣ ነገር ነው እንጂ ሰው የሚገባበት አልነበረም።

ፋብሪካው ግን ገንዳ ነበረው። ከመወረሱ በፊት የነበሩት የውጭ አገር ባለቤቶች ለራሳቸው ያሠሩት ነው፤ ርዝመቱ ሃያ አምስት ሜትር። ውሃው ከጉድጓድ በቀጥታ ስለሚሳብ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ጥርስ ያንገጫግጫል። የሠራተኛው ገንዳ ይባል እንጂ የወንዶች ነበር። እኔና የማሸጊያ ክፍሏ ብርነሽ የመዝናኛ ክበቡ ኮሚቴ በር ላይ አንድ ዓመት ተመላለስን። ማመልከቻ ጻፍን፣ ፊርማ አሰባሰብን፣ «ነገ ተመለሱ» ጠገብን። በመጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከስምንት እስከ አሥር፣ የሴቶች ሰዓት ተብሎ ተፈቀደልን። በሳምንት ሁለት ሰዓት ለማግኘት አንድ ዓመት!

ያስተማሩን የገንዳው ጠባቂ ጋሼ ለማ ናቸው። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፣ ረጅም እንጨት ይዘው፣ ዳር ዳሩን ይከተሉናል። «እግርሽን አትርሺ! ውሃውን አትጣዪው፣ ተኚበት!» ይሉናል። አሥራ አንድ ሴቶች ነበርን። ልጅ ያጠባች አለች፣ ጡረታ የተቃረበች አለች፣ ባሏ እንዳያውቅ የዋና ልብሷን ብርነሽ ቤት የምታሳድር አለች። የገንዳውን ጠርዝ ሳልነካ ከዳር እስከ ዳር መጀመሪያ የዋኘሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን ሴቶቹ እልል ሲሉ ዘበኛው ሠርግ የመጣ መስሎት በሩን ከፈተ። ክረምት ሳይገባ ሃያ ምልልስ ደረስኩ። ወገቤን ረሳሁት።

አሁን ስለ እናቴ ልናገር። እማዬ ከእኔና ከባለቤቴ ከታደሰ ጋር ነበር የምትኖረው። በዓለም ላይ የምትፈራው አንድ ነገር ነው፤ ነፋስ። ታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ካለ እስኪዘጋ ድረስ ሰላም አታገኝም። መዋኘቴን ስትሰማ ሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ በሦስተኛው ቀን ግን ቅዳሜ ሲደርስ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ጀመር። ከገንዳ ስመለስ ሹራብ ታለብሰኛለች፣ ራሴን በሻሽ ትጠመጥመዋለች፣ ከዚያ ጤና አዳም የተጨመቀበት ጥጥ ለብ ባለ ዘይት ነክራ ሁለቱም ጆሮዬ ውስጥ ትወትፋለች። «እርጥብ ጆሮ ነፋስ ካገኘው አለቀልሽ» ትላለች። እስቃለሁ፤ ግን እምቢ አልላትም። ከእራት በኋላ ጥጡን አውጥቼ እጥለዋለሁ። እሷ ደስ ይላታል፣ እኔም ምንም አልሆንም ብዬ ነው።

ጥቅምት ላይ ጀመረኝ። ስድስተኛው ምልልስ ላይ ነኝ፤ ገንዳው ወለል ላይ ያሉት ጥቁር መስመሮች ድንገት ተጣመሙ። ቀጥሎ ውሃው በሙሉ ከነእኔ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ መሰለኝ። የገንዳውን ጠርዝ ይዤ ምሳዬን በሙሉ አወጣሁት። ብርነሽ ጀርባዬን እያሻሸች «ምን በላሽ?» አለችኝ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ደህና ሆንኩ፤ ምንም እንዳልነካኝ።

እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ መኪና ያዞረኛል። ክፍለ አገር ስንሄድ ሎሚና ፌስታል ሳልይዝ አውቶቡስ አልሳፈርም። ስለዚህ ያው የድሮው አመሌ ነው አልኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሎሚ ይዤ ሄጄ ገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩ። አንድ ምልልስ ዋኝቼ አሸታለሁ፣ ሌላ ዋኝቼ አሸታለሁ። ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። አራተኛው ላይ ሎሚውም ሳቁም አላዳነኝም። በሦስተኛው ቅዳሜ ገና ራሴን ውሃ ውስጥ ከመንከሬ ዓለም ተገለባበጠች።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የሚያዞረኝ ውሃ ውስጥ ብቻ ነበር። ደረጃ ስወጣ አያዞረኝም፣ ጾሜን ስውል አያዞረኝም፣ ሥራ ላይ አያዞረኝም። ይህን ለሁሉም ነግሬያለሁ። ለሁሉም! አንዱም «ታዲያ ውሃው የት የት ይገባል?» ብሎ የጠየቀኝ የለም።

መጀመሪያ የፋብሪካው ክሊኒክ ሄድኩ። ጤና ረዳቱ ቀና ብሎ ሳያየኝ ሆዴን በሁለት ጣቱ ጫን ጫን አደረገና «ጨጓራ ነው» አለ። «ውሃ ውስጥ ብቻ ነው የሚነሣብኝ» አልኩት። «ውሃ ይቀዘቅዛል፣ ጨጓራ ብርድ አይወድም» አለኝ፤ ነጭ ፈሳሽ በጠርሙስ ሰጠኝ። በርበሬ ተውኩ፣ ሻይ ተውኩ። ጠርሙሱን ጨረስኩት። ቅዳሜ ደግሞ እንደ ልማዴ ተገለበጥኩ።

ቀጥሎ ወደ ሳሪስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ከእንጨት አግዳሚ ላይ ተደርድረን አራት ሰዓት ሙሉ ጠበቅን። እዚያ ክፍል ውስጥ ያልገባኝ ነገር ቢኖር የሁላችንም በሽታ አንድ መሆኑ ነው። እግሩን ያመመው ገባ፣ «ታይፎይድ» ተብሎ ወጣ። የምታስለው ሴትዮ ገባች፣ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብላ ወጣች። እኔም ገባሁ፤ ደም ሰጠሁ፤ ወጣሁ። ምን እንዳሉኝ እናንተው ገምቱ። ከረጢት ሙሉ ካፕሱል ይዤ ስወጣ ተራዋን የምትጠብቅ አንዲት ሴት «ምን አሉሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ስነግራት «እሱማ ለሁሉም ነው» አለችኝ። አጠገቧ ከነበረው ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ። ከጠዋት ጀምሮ አልበላሁም ነበርና እዚያው ቆሜ በላሁት።

በዚህ መሐል ቤቴ ታመሰ። ታደሰ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ረጋ ያለ ሰው። እሱም ከእኔ ጋር መጣላት ጀመረ። ራት ላይ ያናግረኛል፣ አልመልስለትም። ሁለተኛ ያናግረኛል፣ ዝም። አንድ ቀን ማንኪያውን ወርውሮ ተነሣ።

«አስካለ፣ ሰው አይደለሁም እንዴ? ግድግዳ ነኝ?»

«ምን አልክ?»

«ምን አልክ ትለኛለች! ሥራ ቦታ ከማታውቂው ሰው ሁሉ ጋር ስታወሪ ትውያለሽ፤ ለእኔ ሲሆን ቃል ይጠፋሻል።»

እኔም ተሳደብኩ። ታምሜ እያየኝ ነገር ይፈልጋል አልኩ። በመሐላችን አንድ ሳምንት የ«ደህና ዋልክ፣ ደህና ዋልሽ» ብቻ ሆነ። ሁልጊዜ ገበታ ላይ በግራዬ በኩል እንደሚቀመጥ ማን ልብ ይበል? እሱም አላለ፣ እኔም አላልኩ።

ኅዳር ላይ ያ የተረገመ ቅዳሜ መጣ። ካፕሱሉን ጨርሻለሁ፣ ድኛለሁ ብዬ ገባሁ። ገንዳው መሐል ስደርስ ላይና ታች ጠፋኝ። እንዲያው ልዋኝ ብዬ ወደ ወለሉ ነው የዋኘሁት። ጋሼ ለማ ያን የማያወልቁትን ካፖርት እንደለበሱ፣ ከነጫማቸው ዘለው ገቡ። ሲያወጡኝ አስታውሳለሁ፤ ራሴን አልሳትኩም። እርሳቸውም ብርነሽም ይህን ለጠየቃቸው ሁሉ ይናገሩ ነበር፤ የጠየቃቸው ግን አልነበረም።

ሰኞ የፋብሪካው ሐኪም ፊት ቀረብኩ። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚመጣ ነው።

«ተንቀጠቀጥሽ?» አለኝ።

«በረደኝ እኮ ዶክተር። ውሃው በረዶ ነው።»

«ተንቀጥቅጠሻል አይደል?»

«አዎ፣ ግን...»

ጻፈ። «የሚጥል በሽታ ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ያስፈልጋታል።» ወረቀቱ ወደ ምርመራ አልሄደም፤ ወደ ክበቡ ኮሚቴ ሄደ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ ጌታነህ ይባላል። ማመልከቻችንን አንድ ዓመት ያጉላላብን እሱ ነው። ያን ወረቀት በአንድ ቀን አንብቦ ማክሰኞ ጠዋት የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይህን ለጠፈ፦ «ወይዘሮ አስካለ የሚጥል በሽታ ያለባቸው መሆኑ በሐኪም ስለ ተረጋገጠ፣ ለሠራተኛው ደኅንነት ሲባል የቅዳሜ የሴቶች የዋና ሰዓት ከዛሬ ጀምሮ ተሰርዟል።»

ሐኪሙ ሊሆን ይችላል ያለውን እሱ ተረጋገጠ አደረገው። ደግሞስ ቢኖርብኝስ? የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ስሙ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል እንዴ? ያ ሁሉ ይቅር፤ አንዷ ብትታመም የቀሩት አሥሩ ምን አጠፉ? ባለፈው ዓመት የኳስ ቡድኑ በረኛ እግሩ ሲሰበር ኳስ አልተሰረዘም። ይህን ሄጄ ጠየቅሁት። አቶ ጌታነህ እስክሪብቶውን እየከፈተና እየዘጋ «ወይዘሮ አስካለ፣ ውሃ ለሴት አይስማማም፤ እኛም ከመጀመሪያው ፈርተን ነበር» አለኝ። ይኸውላችሁ፣ ከመጀመሪያው የተያዘብን ነገር ይህ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ፋብሪካው ውስጥ አካሄዴ ሳይቀር ይታይ ጀመር። ሻይ ክበብ ስገባ ወሬ ይቆማል። የሒሳብ ክፍሏ ጸሐፊ፣ ደግ ልጅ ናት፣ ክብሪት በቦርሳዋ መያዝ ጀመረች። «ድንገት ብትወድቂ ለኩሼ ጢሱን ላስሸትትሽ ብዬ ነው» አለችኝ። በዚያ ደግነቷ የተቃጠልኩትን ያህል በማንም ስድብ አልተቃጠልኩም። ክብሪቱን ከእጇ ነጥቄ ኪሴ ከተትኩት። ከዋናተኞቹም አንዳንዶቹ አኮረፉኝ፤ ያቺ የዋና ልብሷን ብርነሽ ቤት የምታሳድረው ሴት «ቀድመሽ ብትቀሪ ኖሮ ሰዓታችን አይነካም ነበር» አለችኝ።  ብርነሽ ብቻ ምሳ ሰዓት እየመጣች እጄን ይዛ ትጸልይልኛለች። ከወላይታ የመጣች ጴንጤ ናት፤ ስትጸልይ ድምጿ ፎቅ ያናጋል። «ቀስ በይ፣ ስልክ እየጠራ ነው» እላታለሁ። «ይጥራ! ጌታንም እየጠራሁት ነው» ትለኛለች። በዚያ ሰሞን ያሳቀችኝ እሷ ብቻ ናት።

እማዬ በበኩሏ ነገሩን ከውሃ ጋኔን አገናኘችው። ጸበል እንሂድ አለች። በሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጬ ስለ ነበር እሺ አልኩ። ሰባት ቀን ልጠመቅ ገባሁ። ገና በመጀመሪያው ቀን ቀዝቃዛው ጸበል በራሴ ላይ ሲወርድ መሬቱ ከእግሬ ሥር ተዞረ፤ ወደቅሁ፤ አስታወከኝ። ከዙሪያዬ ያሉት ሴቶች «ያዛት! ያዛት! ጩኽ! ማን ነህ?» ይላሉ። እናቴ ታለቅሳለች። እኔ ተንበርክኬ ቀኝ ጆሮዬን በመዳፌ ይዤ ዓለሙ እስኪቆም እጠብቃለሁ።

የሚያጠምቁት አባት ሰዉን ገለል አድርገው ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ ምንሽን ነው የያዝሽው?» አሉኝ።

«ጆሮዬን፣ አባ። ውሃው ሲገባ ነው የሚያዞረኝ።»

«ሐኪም አይቶታል?»

«ጆሮዬን? የለም፣ አባ።»

«ታዲያ ምንሽን ነው ያዩት?»

ሆዴን አልኩ። ደሜን አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጸበሉ የትም አይሄድም፤ መጀመሪያ ጆሮሽን አሳዪ። ጋኔን ነው የምትሉትንም እናንተ ዝም በሉ» አሉ፤ ሴቶቹን ተቆጡ። ሦስት የጤና ባለሙያ ያልጠየቀኝን እርጥብ ልብስ የለበሱ ቄስ በአንድ አፍታ ጠየቁኝ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

አንድ የመንግሥት ሆስፒታል የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ክፍል በሳምንት ሁለት ቀን ይሠራል ተባልኩ። እማዬ ሹራቤን አቅፋ አብራኝ መጣች። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ካርድ ለማውጣት ተሰለፍን፤ አምስት ሰዓት ላይ አንዲት ነርስ ስሜን ጠራች። አልሰማኋትም። ደግማ ጠራች። እማዬ ጎሸመችኝ።

«በግራሽ በኩል ቆሜ ነው የጠራሁሽ» አለች ሲስተሯ ስገባ። «ሥራሽ ምንድን ነው?»

«የስልክ ኦፕሬተር።»

«ማዳመጫውን በየትኛው ጆሮሽ ነው የምታደርጊው?»

«በቀኝ። ሁልጊዜ በቀኝ።»

ቀኝ ጆሮዬን በጣቷ ደፍና በግራዬ በኩል የሆነ ነገር ተናገረች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ብቻ አየሁ።

«አይሰማሽም እኮ!» አለች ጣቷን ስታነሣ። «ቀኑን ሙሉ በጆሮሽ እየሠራሽ አንዱ መዘጋቱን አታውቂም?»

አላውቅም ነበር። ታደሰ ትዝ አለኝ፤ ማንኪያው ትዝ አለኝ፤ አፈርኩ። ሲስተሯ በመብራት ግራ ጆሮዬን አየችና ሐኪሙን ጠራች። ለብ ያለ ውሃ በትልቅ ስሪንጅ ገፉበት፤ ትንሽ አዞረኝ፤ ሐኪሙ በቀጭን ወረንጦ ገብቶ ሳበ። ሲወጣ ጆሮዬ ውስጥ የሆነ በር የተበረገደ መሰለኝ። ኮሪደር ላይ የሚያስለው ሰው፣ የሚጎተተው ወንበር፣ የራሴ ትንፋሽ ሳይቀር ገባ። ሣህኑ ላይ የተቀመጠው የባቄላ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነገር ናት። ሲስተሯ በወረንጦ ስትፈታው ጥጥ ሆነ፤ ጥጡ ውስጥ ደግሞ የጤና አዳም ፍሬ።

ሲስተሯ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ጆሮ መስሚያ ብቻ አይደለም አለችኝ፤ ሚዛናችንን የሚጠብቀው ነገርም እዚያው ውስጠኛው ክፍል ነው ያለው። ቀዝቃዛ ውሃ ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል፤ ግራው በጥጥና በጆሮ ኩክ ስለ ተደፈነ ውሃው አይደርስበትም። አንዱ ሲቀዘቅዝ ሌላው እንደ ሞቀ ይቀራል። ያኔ አንጎል ሰውነት እየዞረ ነው ብሎ ይሳሳታል፤ ማዞሩም ማስታወኩም የመጣው ከዚያ ነው። ጸበሉም ላይ የሆነው ያው ነው። የሚጥል በሽታ የሚያሰኝ ምንም ነገር እንዳላገኙብኝም ነገረችኝ። በቃ። ሦስት ወር፣ አንድ ጠርሙስ፣ አንድ ከረጢት ካፕሱል፣ የተለጠፈ ስም፣ ሁሉም ጆሮ ውስጥ በመብራት ለማየት አንድ ደቂቃ ስላልነበራቸው።

ጥጡን ስጡኝ አልኩ። ያን የነጠቅሁትን ክብሪት አውጥቼ እንጨቶቹን ጣልኩና ጥጡን ቀፎው ውስጥ ከተትኩት።

እማዬ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። ሦስት ወር ሙሉ ከአጠገቤ ያልተለየች እሷ ብቻ ናት። አውቃለሁ፣ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ሆዴ ሞልቶ ነበር። ቀፎውን ከፍቼ ፊቷ አስቀመጥኩትና «ያንቺ ጥጥ ነው፣ እማዬ። በሽታዬ ይኸው ነው። ከነጤና አዳሙ» አልኳት። አየችው።  ታክሲ ውስጥ ከፊታችን ያለው ሰው መስኮቱን እስከ መጨረሻው ከፈተው፤ ነፋሱ ፊቷን ይመታታል፤ ዝጋ አላለችውም። ያን ጊዜ ምን እንዳደረግኋት ገባኝ። ጥጡን ሳላወጣ የረሳሁት እኮ እኔ ነኝ፤ አንዱን ጥዬ ሌላውን በጣቴ ገፍቼው ይሆናል። ይህን ልነግራት ፈልጌ አፌ ተሳሰረ።

ታደሰ ማታ በግራዬ ተቀምጦ «ጨው አቀብይኝ» ሲለኝ ወዲያው አቀበልኩት። ደንግጦ አየኝ። ነገርኩት። «ማንኪያውን ስወረውር እንኳ አልሰማሽም ማለት ነው?» አለኝ። «እሱን ሰምቻለሁ» አልኩት። ሳቅን። በዚያ ሳምንት ከተባሉት ይቅርታዎች ሁሉ የተሟላው ያ ነበር።

የሆስፒታሉን ወረቀት ይዤ አቶ ጌታነህ ዘንድ ሄድኩ። ሁለት ጊዜ አነበበው። «ይሄ እኮ የጆሮ ወረቀት ነው» አለኝ። «ጆሮዋ ተጸዳ ይላል። የሚጥል በሽታ የለባትም አይልም።»

«አቶ ጌታነህ፣ አለባት ያለስ ማን ነው?»

«ሐሙስ ኮሚቴው ይሰበሰባል። ይታያል።»

ቤት ገብቼ ለታደሰ ስንጨረጨር እማዬ ከጓዳ ትሰማለች። ከሆስፒታል ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። «ሐሙስ በስንት ሰዓት ነው?» አለች። «ዘጠኝ ሰዓት» አልኳት። 

ሐሙስ ማዞሪያው ላይ ተቀምጬ ሳለ የበሩ ስልክ ጠራ። «አስካለ፣ እናትሽ መጥተዋል» አለኝ ዘበኛው። «ኮሚቴው የት ነው የሚሰበሰበው እያሉ ነው።» ማዳመጫውን ወርውሬ ሮጥኩ። ስደርስ እማዬ የክት ልብሷን ለብሳ የኮሚቴው ክፍል ውስጥ ቆማለች፤ ሰዎቹ ለትልቅ ሰው ብለው ሁሉም ተነሥተዋል፤ አቶ ጌታነህ ሳይቀር።

«ይቀመጡ እማማ፣ ምን ልታዘዝ?» አለ።

«አልቀመጥም። » አለችው፤ ወደ እኔ ዞራ ከኪሴ የማይጠፋውን የክብሪት ቀፎ ራሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ልጄን ያሳመምኳት እኔ ነኝ። ይሄን ጥጥ በዚህ እጄ ወትፌ። ሞኝነቴ ነው፤ ብርድ እንዳይመታብኝ ብዬ ነው። የሌለባትን በሽታ ስም አወጣችሁላት፤ ስሟንም ግድግዳ ላይ ሰቀላችሁት። አሁን እሱን አውርዱና የኔን ስቀሉ። ጻፍ፣ ልጄ። አሳማሚዋ እናቷ ናት ብለህ ጻፍ።»

«እማማ፣ እንዲያ አይደረግም...»

«የሷ እንዴት ተደረገ?»

አቶ ጌታነህ እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ። «ጉዳዩን እናጠናዋለን» አለ።

«አጥኑ» አለች እማዬ፤ አሁን ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እስክትጨርሱ እዚሁ ነኝ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አጥንተው ጨረሱ። የድሮው ማስታወቂያ ተነሣ፤ በምትኩ «የቅዳሜ የሴቶች የዋና ሰዓት ቀጥሏል» የሚል አንድ መስመር ተለጠፈ። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም፤ እስከ ዛሬም አልተባለም። እኔ ግን ከሥሩ በእስክሪብቶ «አስካለ ጆሮዋ ተደፍኖ ነበር፤ ድኗል። የታመመ ሰው ስም ከመለጠፋችሁ በፊት ጆሮውን እዩለት» ብዬ ጻፍኩበት። ዝናብ እስኪያጥበው ድረስ ማንም አላነሣውም።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የሚያዞራችሁ የትና መቼ እንደሆነ ተናገሩ፤ ሳትታዩ አትውጡ፤ «ጆሮዬን እዩልኝ» ብላችሁ ወንበሩን ያዙ። ጆሮ ውስጥ ምንም አትክተቱ። ማዞሩ ሳይጣራ ብቻችሁን ውሃ አትግቡ፤ እኔ ጋሼ ለማ ባይኖሩ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። መኪና ግን አሁንም ያዞረኛል፤ እሱን ማንም አላዳነልኝም።

ሐኪሙ ውሃ ግቢ ካለኝ በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ አሥራ አንዳችንም ተገኘን። ያኮረፈችኝም መጣች። ስድስተኛው ምልልስ ላይ ፈራሁ፤ መስመሮቹን አየሁ፤ ቀጥ ብለው ነበር። ሃያውን ጨረስኩ። ስወጣ ጋሼ ለማ በአዲስ ካፖርት ቆመዋል፤ አጠገባቸው እማዬ። እስከዚያ ቀን ገንዳውን በዓይኗ አይታው አታውቅም። ሹራቤን አለበሰችኝ፤ ራሴን ጠመጠመች፤ እጇ እንደ ልማዷ ወደ ደረቷ ሄዶ ጥጥ ፈለገ። ባዶውን ተመለሰ።

«እማዬ፣ ጥጡን ሳላወጣ የረሳሁት እኔ ነኝ እኮ» አልኳት። ያን ያህል ጊዜ የተሳሰረብኝ ቃል ነው።

«ዝም በይ፣ ብርድ ያስገባብሻል» አለችኝ። ነፋሱ ከላፍቶ ሜዳ በኩል ይመጣል። ከየት እንደሚነፍስ በፊቷ ፈለገችው፤ ከዚያ ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘርግታ በግራ ጆሮዬ በኩል ቆመች። ወደ ቤት ስንሄድም እስከ በራችን ድረስ ከዚያ ጎን አልተለየችም።